የወባው ችካል

ባለፈው መስከረም ከኮኪት ወደ መተማ ያለፋችሁ ሰዎች ከአስፋልቱ በስተግራ አንድ ጉድ ሳታዩ አልቀራችሁም። የሰሊጥ ማሳው በደንብ የታረሰ፣ ቀጥ ያለ፣ ዓይን የማይጎረብጥ ማሳ ነው። ከማሳው ጎን ባለው ጦም ያደረ መሬት ላይ ግን አንድ ቀጭን የሰሊጥ መስመር ብቻውን ሳር ውስጥ ይጓዛል። ቀጥ ብሎ ይጀምርና ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ትንሽ ሄዶ ሐሳቡን ይቀይርና ወደ ግራ ይመለሳል፤ መጨረሻ ላይ አንድ ትልቅ ቁርቁራ ዛፍ ሥር ደርሶ ዛፉን ይዞረዋል። መንገደኛው ሁሉ "ይኼን ያረሰ ሹፌር ምን ጠጥቶ ነው?" ይላል። ኧረ ሹፌሩን ተዉት! ማሩ የዚያን ዕለት ከውሃ ሌላ አልቀመሰም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እኔ የጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ የሰው ደም ውስጥ ወባ ስፈልግ እውላለሁ። ድብቅ ነገር መፈለግ እንጀራዬ ነው ማለት ነው። ይኼን የሚያውቅ ጎንደር ያለ ጓደኛዬ አንድ ቀን ስልኬን ተቀብሎ "ላንተ የተሠራ ነገር አለ" አለና አንድ ጨዋታ ጫነልኝ። ጂኦካሺንግ ይሉታል። አንዱ ሥራ ፈት ትንሽ ዕቃ የሆነ ቦታ ይደብቅና ቦታውን በሳተላይት ለክቶ ኢንተርኔት ላይ ያወጣዋል፤ ሌላው ሥራ ፈት ስልኩን ይዞ ይፈልገዋል። ያገኘ ሰው ከውስጡ አንድ ነገር መውሰድ ይችላል፤ በወሰደው ምትክ ግን የራሱን ነገር ያስቀምጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። ዋንጫ የለው፣ ጭብጨባ የለው።

ካርታውን ከፈትኩት። የሰው አገር በነጥብ ተሸፍኗል፤ በየድልድዩ ሥር፣ በየዛፉ ጉያ ዕቃ ተደብቋል። ወደ እኛ ቆላ ስመጣ ባዶ። ሽንፋ የለ፣ ኮኪት የለ፣ መተማ የለ። ቅናት አንገበገበኝ። እኛ ምን ጎድሎን ነው? ዛፍ አጣን ወይስ ሥራ ፈት?

ችግሩ ፀሐዩ ነው። በሰኔ መግቢያ በእኛ አገር በቀን ዕቃ የሚፈልግ ሰው ቢኖር እሱን ራሱን መፈለግ ይመጣል። ቆላ ሰው የሚሆነው ሲመሽ ነው። ለካስ ጨዋታው የማታም ዓይነት አለው። የሚያንጸባርቁ ትንንሽ ቁራጮች ዛፍ ላይ ትለጥፋለህ፤ ቀን ቢያልፉባቸው አይታዩም፤ ማታ ባትሪ ሲበራባቸው ቦግ ይላሉ። ፈላጊው ከአንዱ ወደ ሌላው እያየ ይሄዳል። ሕጉን እኔው አወጣሁት፦ አንድ ሲያበራ ቀጥል፣ ሁለት ሲያበራ ታጠፍ፣ ሦስት ሲያበራ የምትፈልገው እዚህ ነው።

ለከባድ መኪና ኋላ የሚለጠፈውን ቀይና ነጭ አንጸባራቂ ፕላስተር ቁርጥራጭ ከጋራዥ ለምኜ አመጣሁ። ጋራዦቹ "ለምንህ ነው? መቀመጫህ ላይ ልትለጥፈው ነው?" ብለው ስቀውብኝ ሰጡኝ። በጥፍር በጥፍር ልክ ቆራርጬ ከቤቴ ጀርባ ባሉት ዛፎች ላይ ሞከርኩት። ለመታጠፊያው ሁለቱን ጎን ለጎን፣ በሰው ወገብ ቁመት ለጥፌ ዛፉ ሥር ቁጢጥ ብዬ ሥራዬን ሳደንቅ ለምንጣሮ የመጡ የወሎ ልጆች ባትሪ እያበሩ በዚያ አለፉ። ወገብ ቁመት ላይ፣ ጎን ለጎን የሚያበሩ ሁለት ነገሮች ምን እንደሚመስሉ አላሰብኩም ነበር።

"ጅብ!" አለ አንዱ።

ድንጋይ እንደ በረዶ ወረደ። "ኧረ እኔ ነኝ! ኧረ ተዉ!" ብዬ ጮህኩ። ይኼ ደግሞ ባሰ።

"ወይኔ ጉዴ፣ ጅቡ ተናገረ!"

ጓዛቸውን ጥለው ሮጡ። በማግስቱ ግንባሬ ላይ የቁስል ፕላስተር አስለጥፌ ሥራ ዋልኩ፤ ከዚያ ወዲህ መታጠፊያውን አንዱን ከሌላው በላይ አድርጌ መለጠፍ ጀመርኩ።

ግንባሬን ያጠበችልኝ ሲስተር ትርንጎ ናት። እውነቱን ልናገር፣ ጨዋታው ሁሉ ለእሷ ነበር። ትርንጎ የጤና ጣቢያችን ነርስ ናት፤ ስትስቅ መርፌ የፈራ ሕፃን እንኳ ማልቀሱን ይተዋል። ተዋደናል። በመጪው እሑድ ሽማግሌ ልልክ ተቆርጧል። የሚያስጨንቀኝ አባቷ ናቸው። አያ ጌጡ የታወቁ የሰሊጥ ገበሬ ሲሆኑ እኔን ዓይተውኝ አያውቁም።

"አባቴ ሁለት ጊዜ የመጣ ሽማግሌ መልሷል" አለችኝ ግንባሬን እየጠረገች። "መሬት ለማያውቅ ሰው ልጄን አልሰጥም ነው የሚለው።"

"እኔስ መሬት አላውቅም?"

ፕላስተሩን ጫን አደረገችው። "አንተ ጎጃሜ፣ አንተማ ጅብ ነህ" አለችና ሳቀች።

እኔ ግን ሌሊቱን አልተኛሁም። እናቴ "ለምታገባት ልጅ" ብላ የላከችልኝ የብር ድሪ ሳጥኔ ውስጥ አለ። ሌላው ሰው ቢሆን "እንኪ" ብሎ ይሰጣታል። እኔ ምን በወጣኝ! ድሪውን በዱቄት ወተት ጣሳ አድርጌ ልደብቅና ዓርብ ማታ ትርንጎ በባትሪ ፈልጋ ልታገኘው፣ እሑድ ሽማግሌ ሲመጣ አንገቷ ላይ ሊታይ። ለቦታው ደግሞ የአባቷን ማሳ ዳር መረጥኩ። ሰፈሯ ነው፣ አትፈራም ብዬ ነው። ሐሙስ ማታ ሄጄ ለጠፍኩ። ቦታው ሜዳ ስለሆነ፣ ዛፍ ባጣሁበት ሁሉ ችካል እየተከልኩ ችካሉ ላይ ለጠፍኩበት። ጣሳውን ራሱን በፕላስተር አሳምሬ ቁርቁራው ሥር አፈር አለበስኩትና ግንዱ ላይ ሦስቱን ለጠፍኩ። ዞር ብዬ ባትሪዬን ሳበራ ችካሎቹ እስከ ሱዳን የሚታዩ መሰለኝ። ኮራሁ።

ዓርብ እንደመሸ ከትርንጎ ጋር ሄድን።

"ያውልህ! አበራ!" አለች የመጀመሪያውን ስታይ። እንደ ልጅ ዘለለች። "ያው ሁለተኛው! አንተ፣ እንዴት ያምራል!"

እኔ ደረቴን ነፍቼ ከኋላ ከኋላ እላለሁ። ሦስተኛው ችካል ጋ ስንደርስ ችካል የለም። አፈሩ ተገልብጧል።

"ከርከሮ ቆፍሮት ነው" አልኩ።

ትርንጎ ጎንበስ ብላ አየችው። "ከርከሮ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በዲስክ የሚቆፍረው?"

ያን ጊዜ ድምፁን ሰማነው። ቀና ስንል አንድ ትራክተር መብራቱን ቦግ አድርጎ፣ የማረሻ ዲስኩን መሬት ውስጥ ሰክቶ፣ ለንግሥ የወጣ ይመስል ቁርቁራውን እየዞረ ነው። አንዴ ዞረ። ሁለቴ ዞረ። እየጮህን ስንደርስበት ሦስተኛውን ጨርሶ ቆመ። ሹፌሩ ማሩ ከላይ ወርዶ ላቡን ጠረገ። ሱዳን ኖሮ የተመለሰ፣ የታዘዘውን የሚፈጽም ሰው ነው።

"ተማም ነው? ደኅና ነው?" አለን። "አንድ ሳይ ሄድኩ። ሁለት ሳይ ታጠፍኩ። ሦስት ሳይ ግራ ገባኝና ሦስቴ ዞርኩ። ከዚህ ወዲያ ወዴት ነው?"

አያችሁ፣ እኔ የበሬ አገር ልጅ ነኝ። በእኛ በጎጃም ሲመሽ በሬም ይተኛል፣ ገበሬም ይተኛል። እዚህ ግን በሰኔ ሙቀት ትራክተር የሚያርሰው ማታ ነው። ባለ ማሳው ቀን ላይ በማሳው ዳርቻ ችካል ይተክልና የሚያበራ ነገር ያስርበታል፤ የቆርቆሮ ክዳን፣ አሮጌ ሲዲ፣ የተገኘውን። ሹፌሩ በጨለማ ከብርሃን ወደ ብርሃን ይነዳል። ይኼን ቆላ ያደገ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። አያ ጌጡም ችካላቸውን በዘይት ቆርቆሮ ክዳን አሳምረው ተክለው፣ ማሩን "የሚያበራውን ተከትለህ እረስ" ብለውት ነበር። የእርሳቸው ክዳን የእኔ የከባድ መኪና ፕላስተር አጠገብ ምን ሊያበራ! ማሩ ማሳውን ትቶ የእኔን ፍቅር ሲያርስ አመሸ።

ትራክተሩ ደግሞ የኪራይ ነው። የአያ ጌጡ ተራ ያቺው ሌሊት ብቻ ናት፤ ሲነጋ ወደ ሽንፋ ይሄዳል። ሰማዩ ጠቁሯል። ዝናቡ ከቀደመ ያ ጥቁር አፈር ይጨቀይና እንኳን ዘር ሊያበቅል ትራክተሩንም ይውጠዋል። ይኼን ሁሉ ትርንጎ በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። የእናቴ ድሪም ከዲስኩ ሥር የሆነ ቦታ ገብቷል።

ከጨለማው ውስጥ ባትሪና ድምፅ መጡ። ድምፁ ቀደመ።

"ይኼን ችካል የተከለ ማነው?"

አያ ጌጡ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዱላቸው ከእርሳቸው የሚረዝም። አማች ልሆናቸው የምመኘው ሰው እንደዚህ ተዋወቅኋቸው።

"ለወባ ነው አባዬ!" አለች ትርንጎ።

"ለወባ?"

"አዎ። ትንኟ በየት በየት እንደምትሄድ ለመለካት ነው።"

"ይኼስ ማነው?"

"የወባው ባለሙያ ነው።"

ይኼስ ውሸት የለበትም። አንገቴን እስክቀጭ ጎንበስ ብዬ "እንዴት አመሹ አያ ጌጡ" አልኩ።

በባትሪያቸው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ግንባሬ ላይ ያለው ፕላስተር ጋ ቆዩ። "ትንኟ በኋላ ትለካለች" አሉ። "አሁን የመሬቴ ጊዜ ሊያልፍብኝ ነው።" ከዚያ የእኔንም የእርሳቸውንም ችካል እየዞሩ ነቀሉት። "ችካል ዓይኔ አይይ! የወባው፣ አንተ ባትሪህን ይዘህ እዚህ ጫፍ ቁም። አንቺ እዚያኛው ጫፍ። ማሩ፣ ሰው ተከተል እንጂ ሌላ የሚያበራ ነገር ብታይ ዓይንህን ጨፍን።"

ቆምን። ትራክተሩ ከእኔ ወደ ትርንጎ ይሄዳል፣ ከትርንጎ ወደ እኔ ይመለሳል፤ በተመለሰ ቁጥር ጥቂት ወደ ጎን እንጠጋለን። ትንኝ በላችኝ። የወባው ባለሙያ አጎበሩን ለሌላው ሲያድል ኖሮ በሜዳ ተበላ። ልቤ ግን አላረፈም፤ "አለቀልህ" ይለኛል፣ "መሬት የማያውቅ ሰው ማለት አንተ ነህ፣ እሑድ ሽማግሌዎችህ በመጡበት እግራቸው ይመለሳሉ።" በዚህ መሀል ከማሳው ማዶ የትርንጎ ባትሪ ጠፋና በራ። ጠፋና በራ። ጠፋና በራ። ሦስት። የምትፈልገው እዚህ ነው ማለቷ ነው። እዚያ ጨለማ ውስጥ፣ ፊቴ በትንኝ አብጦ፣ በደስታ እንባዬ መጣ።

ማሩም ሦስቱን አይቶ ኖሮ ትርንጎ ጋ ሲደርስ ሊዞራት መሪውን ጠመዘዘ። አያ ጌጡ "ኧረ ይኼ ሰውዬ!" ብለው ዱላቸውን ባያነሡ ልጃቸውን ከነባትሪዋ ከብቦ ያርሳት ነበር።

ማሳው ታርሶ አለቀ። ቅዳሜ ማለዳ አያ ጌጡ ሠራተኛ አሰማርተው ዘሩት፤ ጦም ባደረው መሬት ላይ የተሳለውንም የእኔን ጥምዝምዝ ትልም "ከታረሰ አይቀር" ብለው ሰሊጥ በተኑበት። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። እኔ ጣሳውን ፍለጋ ሾልኬ ልሄድ ሳስብ ጤና ጣቢያው በር ላይ ገበሬ ተሰልፏል።

"የወባ ችካል ትተክላላችሁ አሉ። እኔም ማሳዬ ላይ እፈልጋለሁ።"

"የወባ ችካል የሚባል ነገር የለም አባቴ። አጎበር ነው ያለው።"

"እንዴት የለም? አያ ጌጡ ማሳ ላይ ተተክሎ አይደል እንዴ!"

አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው "ለአያ ጌጡ ሲሆን ይኖራል፤ ለእኛ ሲሆን የለም! እሺ ይሁን፣ እግዜር ያያችኋል" ብለው ተቀየሙኝ። ለእያንዳንዱ አጎበር እያሳየሁ ስለምን አመሸሁ። ትርንጎ መድኃኒት ክፍል ውስጥ ተደብቃ አፏን በጋውኗ ይዛ በሳቅ ትንፈራፈራለች። እንዲህ ብዙ አጎበር በአንድ ቀን ወጥቶ አያውቅም። ጣሳውን ግን ሳልፈልግ መሸ።

እሑድ ሆነ። ወጉ እንደሚያዘው ሽማግሌዎቹ ሄዱ፤ እኔ ቤት ቀረሁ። ጥቂት ቆይቶ ስልኬ ጮኸ። የሽማግሌዎቹ አንጋፋ፣ የጤና ጣቢያችን የድሮ ሹፌር ናቸው።

"ስማ እንጂ፣ መንገዱ የት ነው? ወደ ሰውየው ቤት የሚያስገባው መንገድ ታርሷል እኮ! ትልሙን መንገድ መስሎን ተከትለን አንድ ቁርቁራ ዞረን ተመለስን። ጭቃው ጫማችንን አስቀረው!"

የገዛ ትልሜ የገዛ ሽማግሌዎቼን አሳሳተብኝ። ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ቆይቶ እንደገና ተደወለ። ድምፃቸው ቀዝቅዟል።

"ሰውየው ልጁን ሳላየው አልናገርም ብለዋል። ና።"

ሽማግሌ ተልኮ ሙሽራው ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። እንዴት እንደደረስኩ እንጃ። ስገባ ሽማግሌዎቼ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ተደርድረዋል፤ አያ ጌጡ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

"እንዴ!" አሉ። "የወባው!"

አንገቴን ደፋሁ። እጃቸውን ወደ ኋላቸው ሰደዱና አንድ ነገር አወጡ። በቀይና በነጭ ፕላስተር ያጌጠ፣ ጎኑ በዲስክ የተጨረመተ የዱቄት ወተት ጣሳ ነው። ሲዘሩ አግኝተውታል። ክዳኑን ከፍተው የእናቴን ድሪ በአንድ ጣታቸው አንጠለጠሉት።

"ችካሉ ለወባ ነው አላችሁኝ። ተቀበልኩ። እስቲ ይኼኛው ለምን በሽታ ነው?"

ሽማግሌዎቼ እርስ በርስ ተያዩ። ከእንግዲህ የሚሸሸግ ነገር የለም።

"ለትርንጎ ነው፣ አያ ጌጡ" አልኩ። "እናቴ የላከችላት ነው። እወዳታለሁ።"

"የምትወዳትን ልጅ ጌጥ መሬት ትቀብራለህ?"

ትርንጎ ከጓዳ በር ሆና መለሰች። "ጨዋታ ነው አባዬ። አንዱ ይደብቃል፣ ሌላው በብርሃን እየተመራ ያገኛል። ያገኘ ሰው ይወስዳል፤ በወሰደው ምትክ የራሱን ያስቀምጣል።"

"ያገኘሁት እኔ ነኝ።"

"አዎ አባዬ።"

ድሪውን እያገላበጡ አዩት። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ የመለሰ ቤት መሆኑ ትዝ አለኝ።

"ይኼ ልጅ መሬት አያውቅም" አሉ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው። "ትራክተሬን አስቶብኛል። መንገዴን አሳርሶ እናንተን ጭቃ አስቦክቷችኋል። ሰፈሩ ሁሉ የወባ ችካል አምጣ እያለ እኔን ደጅ ይጠናል።" አንጋፋው ሽማግሌ ለመነሣት ከዘራቸውን ፈለጉ። አያ ጌጡ ግን አልጨረሱም። "ነገር ግን ቁም ያልኩት ቦታ ላይ ማሳዬ እስኪያልቅ ንቅንቅ አላለም። በትንኝ ሲበላ አይቼዋለሁ። መሬቱን እኔ አስተምረዋለሁ፤ መቆም ግን ሰው የሚያስተምረው አይደለም።"

ድሪውን ለትርንጎ ዘረጉላት። ከዚያ እጃቸውን ኮት ኪሳቸው ከተው ከችካሎቼ ላይ የላጧቸውን ፕላስተሮች በሙሉ በእፍኛቸው አወጡና ጣሳው ውስጥ ጨመሯቸው።

"የወሰደ ያስቀምጣል ብላችኋል፤ ይኸው። ከአስፋልቱ እስከ ደጄ ለጥፈው። አማቼ ከልጄ ጋር ማታ ሲመጣ መንገድ እንዳይስት።"

ከጓዳ እልልታው ፈነዳ። አንጋፋው ሽማግሌ በጭቃ እግራቸው ብድግ ብለው ሳሙኝ። እኔ ያልኩትን አላውቅም፤ ትርንጎ ግን "እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ እያልክ ጣሳውን ታመሰግነው ነበር" ትለኛለች።

እንደታዘዝኩት ለጠፍኩ። ስልኬ ላይ ባለው ካርታ ከጎንደር ወደ ጠረፍ ስትወርዱ አሁን አንድ ነጥብ አለች፤ የአያ ጌጡ ደጅ ናት። የሰሊጥ ምርቱ ገብቶ ሠርጋችን ሲደረግም የሩቅ እንግዳ ሁሉ በዚያ ብርሃን እየተመራ ሳይጠፋ ገባ። ደጃፉ ላይ፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ ሦስቱን ለጥፌያለሁ።

መሸት ሲል ማሩ ትራክተሩ ላይ ተጎታች ቀጥሎ፣ በተጎታቹ የሽንፋ ዘመድ ጭኖ፣ ጡሩንባውን እየነፋ መጣ። ደጃፉ ጋ ሲደርስ ሦስቱ ቦግ አሉበት። ማሩ የታዘዘውን የሚፈጽም ሰው ነው ብያችሁ የለ? ዳሱን ከነሙሽሮቹ፣ ከነከበሮው መዞር ጀመረ። አያ ጌጡ ከክብር ቦታቸው ተነሥተው ዱላቸውን ይዘው "ዲስኩን አንሣ! አንተ ሰውዬ፣ ዲስኩን አንሣ!" እያሉ ከኋላው ሮጡ። ዲስክ አልነበረውም፤ ኋላው ላይ ያለው እልል የሚል እንግዳ ነው። ሦስተኛውን ዙር ሲጀምር አማቴ መሮጡ ደክሟቸው ተጎታቹ ላይ ወጡ።